የባክቴሪያን ጂኖም አነጻጽሮ የዘር ሐረጉን እንዴት ማውጣት ይቻላል

ባክቴሪያ ከወላጁ ብቻ አይደለም የሚወርሰው፣ ከጎረቤትም ይቀበላል። ይሄን ቀድሞ ያልያዘ ሰው ጂኖም (የባክቴሪያውን ሙሉ ዲኤንኤ) አነጻጽሮ የሚያወጣው የዘር ሐረግ በቀላሉ ይሳሳታል፣ ክፋቱ ደግሞ ስህተቱ አያስታውቅም፣ ሶፍትዌሩ ምንም ብትሰጡት ቆንጆ ዛፍ ስሎ ነው የሚያወጣላችሁ። ስለዚህ ዋናው ስራ ዛፉን መሳል ሳይሆን የወረሰውን ከተቀበለው መለየት ነው፣ እኔም ከታች ረዘም አድርጌ የምጽፈው እሱ ላይ ነው።

ላብራቶሪ አያስፈልግም። የመጀመሪያው የባክቴሪያ ሙሉ ጂኖም በ1995 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ታትሞ ሲወጣ ትልቅ ዜና ነበር፣ ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ይባላል፣ 1.8 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ነው። አሁን ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጂኖም ኤን ሲ ቢ አይ የሚባለው የአሜሪካ መንግስት የጂን መረጃ ቋት ላይ በነጻ ተቀምጧል። ኮምፒውተራችሁ አቅም ከሌለው ደግሞ ጋላክሲ የሚባለው ነጻ ዌብሳይት ላይ አብዛኛውን ስራ ብራውዘር ላይ ሆናችሁ መስራት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ጥያቄ ይኑራችሁ። ኢ ኮላይን፣ አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ፣ እንውሰድ፤ "ስለ ኢ ኮላይ ማወቅ እፈልጋለሁ" ጥያቄ አይደለም። "ይሄኛው ስትሬን (የአንድ ዝርያ ንኡስ አይነት) ሰው ሲያሳምም ያኛው የማያሳምመው በየትኛው ጂን ነው፣ ጂኑስ ከየት መጣ" ይሄ ጥያቄ ነው። ከዛ ለጥያቄው የሚሆኑ ከ20 እስከ 30 ጂኖም ዳውንሎድ አድርጉ፣ አንድ የሩቅ ዘመድም ጨምሩበት፣ እሱ ከሌለ የዛፉ ስር የት እንደሆነ አይታወቅም።

ያወረዳችሁትን ሁሉ አትመኑ። መጠኑን እዩ፣ ኢ ኮላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ4.5 እስከ 5.5 ሚሊዮን ፊደል ነው፣ 9 ሚሊዮን ካገኛችሁ ምናልባት ሁለት ባክቴሪያ ተቀላቅሏል። ቼክኤም የሚባለው ሶፍትዌር ሙሉነቱን ከ90 ፐርሰንት በላይ፣ ብክለቱን ከ5 በታች ካላለ ያንን ፋይል ተዉት። የጂን ስያሜውንም ለሁሉም በአንድ ሶፍትዌር ስሩት፣ ፕሮካ ወይም ባክታ። ግማሹ በአንዱ ግማሹ በሌላው ከተሰየመ የምታዩት ልዩነት የባክቴሪያው ሳይሆን የሶፍትዌሩ ይሆናል።

አሁን ጂኖቹን ፓናሩ በሚባለው ሶፍትዌር አሰልፉ፣ ሁሉም ጋር ያለውንና አንዳንዱ ጋር ብቻ ያለውን ለይቶ በሰንጠረዥ ይሰጣችኋል። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚደነግጠው። ላብራቶሪ ውስጥ ለዘመናት የኖረው ኬ-12ና ከባድ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኦ157 ሁለቱም ኢ ኮላይ ናቸው፣ የጋራቸው ወደ 4.1 ሚሊዮን ፊደል ነው፣ ግን በ2001 ጂኖማቸው ሲነጻጸር ኦ157 ላይ ኬ-12 የሌለው 1,387 ጂን ተገኘ፣ ኬ-12 ላይ ደግሞ ኦ157 የሌለው 528። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ፍጥረታት ማለት ነው፣ ለእኔ እስካሁን ድረስ ከሁሉም የሚገርመኝ ቁጥር ይሄ ነው።

ወደ ዛፉ ስንመጣ አንድ ጥሩ ሪፈረንስ (ማነጻጸሪያ) ጂኖም ምረጡና ሌሎቹን ስኒፒ በሚባለው ሶፍትዌር እሱ ላይ አነጻጽሩ፣ የተቀየሩትን ፊደሎች አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ዛፍ ለመሳል አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ የለውጦቹን አቀማመጥ በአይናችሁ እዩ። ተራ ሚውቴሽን (ዲኤንኤው ላይ በራሱ የሚመጣ የፊደል ለውጥ) ተበታትኖ ነው የሚገኘው፣ ለምሳሌ ሁለት ቅርብ ዘመዶች ላይ በየ10 ሺህ ፊደሉ አንድ ለውጥ እያያችሁ ትሄዱና ድንገት 2 ሺህ ፊደል ውስጥ 40 ለውጥ ተከምሮ ታገኛላችሁ። እሱ 40 ሚውቴሽን አይደለም፣ አንድ ክስተት ነው፣ ባክቴሪያው ከሌላ ዘመዱ የዲኤንኤ ቁራጭ ተቀብሎ በራሱ ቦታ ተክቶታል፣ ሪኮምቢኔሽን የሚባለው እሱ ነው። እንዳለ ከተዋችሁት ሶፍትዌሩ 40 ብሎ ይቆጥርና ቅርንጫፉን ያለ አግባብ ያስረዝመዋል፣ ወይም ከማይዛመደው ጋር ያዛምደዋል። ገቢንስ የሚባለው ፕሮግራም እነዚህን ክምሮች ፈልጎ ይሸፍናቸዋል፣ ከዛ የቀረውን ዛፉን ለሚስለው ሶፍትዌር፣ ለአይኪው ትሪ ትሰጡታላችሁ። ፈጣኑን ቡትስትራፕ (ዳታውን ደጋግሞ እያወጣ ቅርንጫፉ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ የሚፈትሸውን) 1000 ጊዜ አስደርጉት፣ ከ95 ፐርሰንት በታች ያገኘ ቅርንጫፍ ላይ ምንም ነገር አትገንቡ።

ዛፉ ሲያልቅ የጂኑን ሰንጠረዥ ጎኑ አስቀምጡና የትኛው ጂን የቱ ቅርንጫፍ ላይ እንደገባ ተከተሉ። የገባ ነገር ምልክት አለው። ኢ ኮላይ ላይ የG እና የC ፊደሎች ድርሻ (ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደሎች ሁለቱ ናቸው) በአማካይ ወደ 51 ፐርሰንት ነው፣ ሊ የሚባለውና ባክቴሪያው አንጀት ግድግዳ ላይ እንዲጣበቅ የሚያደርገው የጂን ደሴት ላይ ስትደርሱ ግን ወደ 38 አካባቢ ይወርዳል። የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ ሴልሲ የሚባል የቲ አር ኤን ኤ (ፕሮቲን ሲሰራ አሚኖ አሲድ የሚያመጣ ሞለኪውል) ጂን አጠገብ ነው፣ ፋጆችና (ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች) እንደዚህ አይነት ደሴቶች የቲ አር ኤን ኤ ጂን አጠገብ መግባት ይወዳሉ። ሁለቱ ምልክት አንድ ላይ ሲገኝ "ከውጭ የመጣ ነው" ለማለት ጥሩ መነሻ አላችሁ። የፊደሉ ድርሻ ብቻውን ግን አይበቃም፣ የራይቦዞም (ፕሮቲን የሚሰራው የሴሉ ማሽን) አር ኤን ኤ ጂኖችም ከሌላው ይለያሉ፣ እነሱ ግን የቤቱ ናቸው።

መቀበሉን ስናይ ማጣቱን እንዳንረሳ። የስጋ ደዌ ባክቴሪያ የቲቢ ዘመድ ነው፣ ቲቢ 4.4 ሚሊዮን ፊደልና ወደ 4,000 ጂን ሲኖረው የስጋ ደዌው ወደ 3.27 ሚሊዮን ፊደል ይዞ የሚሰሩት ጂኖች 1,600 አካባቢ ብቻ ናቸው፣ ከ1,100 በላይ ደግሞ የሞቱ ጂኖች አስከሬን እዛው ጂኖሙ ላይ ተቀምጧል። ሰንጠረዣችሁ "የለም" ሲላችሁ በቃ የለም ብላችሁ አትለፉ፣ የዘመዱን ፕሮቲን ወስዳችሁ ቲብላስትኤን በሚባለው መፈለጊያ ዲኤንኤው ላይ ፈልጉት፣ ብዙ ጊዜ ጂኑ እዛው አለ፣ መሀሉ ላይ የማቆሚያ ኮድ ገብቶበት ተሰብሯል። ተሰብሮ መቆየትና ተቆርጦ መጥፋት የተለያየ ታሪክ ነው፣ የመጀመሪያው ጂኑ ከጠፋ ገና ብዙ ጊዜ እንዳልሆነው ይጠቁማል።

"ይሄ መቼ ተለያየ" ለማለት በተለያየ አመት የተወሰደ ሳምፕል ያስፈልጋችኋል። ቴምፕኤስት በሚባለው ሶፍትዌር ከዛፉ ስር እስከ ጫፍ ያለውን ርቀት ከአመቱ ጋር እዩት፣ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር ከሌለ አመተ ምህረት አትጻፉ።

መንገዳችሁ ትክክል መሆኑን መሞከር ከፈለጋችሁ መልሱ የሚታወቅ ዳታ አለ። አሜሪካዊው የባዮሎጂ ተመራማሪ ሪቻርድ ሌንስኪ በ1988 ከአንድ ኢ ኮላይ ጀምሮ 12 ብልቃጥ ውስጥ ለየብቻ ማሳደግ ጀመረ፣ በየቀኑ ወደ አዲስ ምግብ እየተዛወረ። ከጎረቤት መቀበል እዛ የለም፣ ስለዚህ ዛፋችሁ ከአንድ ግንድ 12 ክንድ ማውጣት አለበት፣ ካላወጣ የሆነ ደረጃ ላይ ተሳስታችኋል። ከአንዱ ብልቃጥ ደግሞ ከ31 ሺህ ትውልድ በኋላ ኦክስጅን ባለበት ሲትሬት (ምግቡ ውስጥ ያለ፣ ኢ ኮላይ በተለምዶ እንዲህ የማይበላው ነገር) የሚበላ ወጣ፣ ለዛ ምክንያት የሆነውን ለውጥ ነጠላ ፊደል ብቻ እየቆጠራችሁ ከሄዳችሁ አታገኙትም፣ ምክንያቱም ወደ 3 ሺህ ፊደል የሚሆን ቁራጭ ተደግሞ ነው ጂኑ ስራ የጀመረው። ሲትቲ የሚባለው ጂን ጋ ሂዱና የንባቡን ብዛት (ያ ቦታ በማንበቢያው ማሽን ስንት ጊዜ እንደተነበበ) እዩ፣ ከግራና ከቀኙ እጥፍ ወይም ከዛ በላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።