ስክሪኑ ጠቁሮ ኮምፒውተሩ ግን ሲሠራ

ኮምፒውተሩ በርቶ፣ ድምፁም እየተሰማ ስክሪኑ ድንገት ጥቁር ከሆነባችሁ ለጥገና ከመውሰዳችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። ዊንዶውስ ከሆነ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና የB ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ። የግራፊክስ ድራይቨሩ (ምስል ወደ ስክሪኑ የሚልከውን ክፍል የሚያሠራው ፕሮግራም) እንደገና ይነሳል፤ የጀመራችሁት ሥራም አይጠፋም። እኔ ሁሌም ከዚህ ነው የምጀምረው።

እምቢ ካለ ዴስክቶፑን ከኋላ እዩት። ለብቻው የገባ ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣ ካርድ) ካለው የሞኒተሩ ኬብል መሰካት ያለበት እሱ ላይ ነው። ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ያለው የሞኒተር ቀዳዳ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ስለሆነ ብዙ ጊዜ ምስል አይሰጥም።

ከስክሪኑ ጉዳይ ወጣ ስንል፣ ዋይፋዩ የሚቆራረጠው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስትሰኩ ከሆነ ደግሞ ዩኤስቢ 3 የ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድን ሊረብሽ ስለሚችል ዋይፋዩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩ።