ያረጀ የመኪና ሰብዉፈር ሲጠገን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር፣ ባጭሩ ዉፈር) ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው በኮኑ፣ ማለትም እየተንቀሳቀሰ ድምፅ በሚያወጣው ክፍል፣ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ነው። ከፖሊዩሪቴን የተሠራ ስፖንጅ እርጥበትና ፀሐይ እየተፈራረቁበት ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ በጣት ሲነኩት የሚጣበቅ፣ ሲጫኑት የሚፈረፈር ነገር ሆኖ ያገኙታል። ማግኔቱ፣ የብረት አካሉና ኮይሉ (በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የሚንቀሳቀሰው የሽቦ ጥቅል) ግን ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ሱማሌ ተራ ወርዶ ሌላ ያገለገለ ዉፈር መግዛት አቋራጭ ይመስላል፤ የዚያኛውም ስፖንጅ የዚህ እኩያ ከሆነ ግን ብዙ ሳይቆይ ያው ጣጣ ይመለሳል። በትክክል የተጠገነ ዉፈር ብዙ ዓመት ያገለግላል። የሚበላሸው በጥገናው ላይ በሚሠሩ ጥቂት ስህተቶች ነው።

ሳይለኩ «ተቃጥሏል» ማለት

ዉፈሩን ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ። ቴስተሩን 200 ኦም ላይ ያድርጉና መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎቹን ያገናኙ፤ 0.3 ካሳየ ያንን ከሚያገኙት ቁጥር ላይ ይቀንሱ። ባለ 4 ኦም ዉፈር ከ3.2 እስከ 3.8፣ ባለ 2 ኦሙ ደግሞ ከ1.6 እስከ 1.9 አካባቢ ማሳየት አለበት። ልክ 4 አለመሙላቱ ጤና ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው በተለዋዋጭ ኮረንት ሲሠራ ያለው ነው፣ ቴስተር የሚለካው ግን በቀጥተኛ ኮረንት ነው። ባለ ሁለት ኮይል ከሆነ ሁለቱን ለየብቻ ይለኩ፤ ውጤታቸው መቀራረብ አለበት። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ወይ ኮይሉ ወይ ወደ ኮይሉ የሚሄደው የተጎነጎነ ሽቦ ተበጥሷል። ኮኑን በቀስታ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ቁጥሩ ብቅ ጥልቅ ካለ ችግሩ ሽቦው ነው፤ ያ ደግሞ ቀላሉ ጥገና ነው።

ቀጥሎ የሁለት እጅ ጣቶችዎን በኮኑ መሃል ግራና ቀኝ አድርገው እኩል ይጫኑ። «ሽክ ሽክ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ኮይሉ ከማግኔቱ ክፍተት ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ደህና ዉፈር ያለ ጥፋቱ ይጣላል። ስፖንጁ ከተቀደደ ኮኑ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል ጤነኛ ኮይልም ይፋተጋል። ኮኑን በእጅዎ መሃል ላይ አድርገው እንደገና ይጫኑት፤ ድምፁ ከጠፋ የሚያስፈልገው ስፖንጅ ብቻ ነው። ካልጠፋና የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ካለው ግን ኮይሉ ሄዷል።

ስፖንጅ በስም መግዛት

«ባለ 12» ተብሎ የሚሸጥ ስፖንጅ ለሁሉም ባለ 12 ኢንች ዉፈር አይሆንም። ከመግዛትዎ በፊት አራት ነገር በሚሊሜትር ይለኩ፦ የስፖንጁን የውጭ ዳር ስፋት፣ የክቡን ጉብታ የውጭና የውስጥ ስፋት፣ በመጨረሻም ስፖንጁ የሚያርፍበትን የኮኑን ዳር። የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ኮኑን ወጥሮ ይይዘዋል ወይም ያላላዋል። የስፖንጁ ጫፍ የሚለጠፈው ከኮኑ በላይ ይሁን ከታች፣ አሮጌውን ከማንሳትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

አሮጌውን ኮላ ሳይጠርጉ መለጠፍ

አዲስ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ አይጸናም። የብረቱን ዳር በጠፍጣፋ ካቻቢቴና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ያጽዱ። ኮኑን ግን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ በትዕግስት ያሹት። ቲነርና አሴቶን ከኮኑ ያርቁ፤ አንዳንድ የፕላስቲክ ኮን ሊያበላሹ ይችላሉ፣ ወደ ውስጥ ከተንጠባጠቡም የኮይሉን ማጣበቂያ ይፈቱታል። ብናኙንም በኮምፕሬሰር አይንፉት። የአዲስ አበባ የግንባታ አቧራና የብረት ብናኝ ወደ ማግኔቱ ክፍተት ከገባ አይወጣም፤ የሚጣበቅ ፕላስተር በጣትዎ ጠቅልለው እየነካኩ ያንሱት።

በሱፐር ግሉ ወይም በማስቲሽ መቸኮል

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይሆናል፤ ስፖንጁ ሲታጠፍ ኮላው ይሰነጠቃል። ማስቲሽ ደግሞ አንዴ ከያዘ አይለቅም፣ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥም። ለወረቀት ኮን ሲደርቅ የሚለሰልስና የማይታይ ነጭ ኮላ ይበቃል። ለፕላስቲክ ኮንና ለጎማ ጠርዝ ለዚያው የተዘጋጀ ማጣበቂያ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ስፖንጁን ከኮኑ ጋር ብቻ ያጣብቁና አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ከብረቱ ጋር የሚጣበቀው በሁለተኛው ቀን ነው። በክረምት ቅዝቃዜ ኮላ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ከ24 ሰዓት በታች አይሞክሩት።

ኮይሉን መሃል ሳያስይዙ ማድረቅ

ጥገናው የሚወድቀውም የሚነሳውም እዚህ ነው። በኮይሉና በማግኔቱ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ሊሆን ይችላል፤ ኮኑ በዓይን የማይታይ ያህል ቢያዘነብል ይፋተጋል። አስተማማኙ ዘዴ መሃል ላይ ያለችውን ቆብ በስለታም ምላጭ ዙሪያዋን ቆርጦ ማንሳት ነው። ከዚያ ከሲኒ ሳህን የማይበልጥ ቀለበት ሆኖ ኮይሉ ይታያል። በኮይሉ ውስጠኛ ግድግዳና በመሃሉ ብረት መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው አራት የፎቶ ፊልም ወይም የወፍራም ወረቀት ቁራጮች በአራቱም አቅጣጫ ይሰኩ። ጠበቅ ማለት እንጂ መጨናነቅ የለባቸውም። የስፖንጁን ዳር ከብረቱ ጋር ያጣብቁ፣ በልብስ መቆንጠጫ ዙሪያውን ይያዙት፣ ሲደርቅ ቁራጮቹን ያውጡ። ኮኑን ሲጫኑት ዝም ካለ ቆቧን በስሱ ኮላ ይመልሷት።

የተበጠሰውን ሽቦ በተራ ሽቦ መተካት

ከኮኑ ወደ ተርሚናሉ የሚሄደው ሽቦ በጨርቅ ክር ላይ የተጎነጎነው ቀን ከሌት እንዲተጣጠፍ ነው። ተራ የመዳብ ሽቦ በዚያ ቦታ ቶሎ ይሰበራል። ከሌላ የተጣለ ስፒከር የወጣ ተመሳሳይ ሽቦ ይሻላል። ርዝመቱ ከቀድሞው እኩል ይሁን፣ ሲበየድም እርሳሱ ወደ ሽቦው ውስጥ እንዳይጠጣ ፈጠን ይበሉ፤ እርሳስ የጠጣው ክፍል ይደርቅና ከዚያው ላይ ይበጠሳል። ከብየዳው በኋላ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ያስነኩ፦ የባትሪው ፖዘቲቭ ከዉፈሩ ፖዘቲቭ ጋር ሲገናኝ ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ሳጥኑን መርሳት

ውሃ የነካው ኤምዲኤፍ ወይም ችፑድ ከታች ያብጣል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ አየር ያፏጫል። ከውስጥ በሲሊኮን ይድፈኑት፤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ከሆነ ሽታው እስኪጠፋ ዉፈሩን አይግጠሙ፣ እንፋሎቱ ብረት ያዝገዋል።

ገዳዩን ሳይነኩ መመለስ

ኮይል የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ ጌይኑ (አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው የመግቢያ ድምፅ ማስተካከያ) ያለልክ ሲከፈት ነው። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱ አናት ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የኮኑ እንቅስቃሴ ብዙም ሳይጨምር ኮይሉ ግን ይግላል። ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር በተጨናነቀ መንገድ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲቆም የዲናሞው አቅም ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ ከ14 ወደ 12 ሲወርድ ደህና የነበረው ድምፅ መቆረጥ ይጀምራል። ማሳውም (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የአምፑ ኔጋቲቭ ሽቦ) ቀለሙ ተፍቆ በጠራ ብረት ላይ፣ ከ50 ሳንቲሜትር ባልረዘመ ሽቦ ይታሰር።

ጌይኑን በጆሮ ሳይሆን በቴስተር ያስተካክሉ። ዉፈሩን ይንቀሉ፣ ባስ መጨመሪያውን ዜሮ ያድርጉ፣ የ50 ኸርዝ ድምፅ ከስልክ ያጫውቱ፣ ቴፑን ሦስት አራተኛ ይክፈቱ። ዉፈሩ 200 ዋት የሚችል ባለ 4 ኦም ከሆነ ጌይኑን ከዝቅተኛው ጀምረው ቀስ እያሉ ይክፈቱና በአምፑ መውጫ ላይ በቴስተሩ የተለዋዋጭ ቮልቴጅ መለኪያ 28 ቮልት ሲያነቡ ያቁሙ። ለ300 ዋት 34.6 ይሆናል። ከዚያ የላይኛውን ድምፅ መቁረጫ 80 ኸርዝ ላይ ያድርጉና ዉፈሩን መልሰው ይግጠሙ። አዲሱ ስፖንጅ እስኪለሰልስ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰዓታት በመካከለኛ ድምፅ ያጫውቱት።