ፓደል ለጀማሪዎች፦ ኳሷን ለመስታወቱ ተዉለት

ፓደል (በመስታወት ግድግዳና በሽቦ አጥር በተከበበ ሜዳ ላይ የሚካሄድ የራኬት ጨዋታ) አሁን የጀመራችሁ፣ በተለይ ከሜዳ ቴኒስ የመጣችሁ፣ ይቺን ያዙ። በኃይል ወደ ኋላችሁ የምትሄድን ኳስ መስታወቱ ጋ ሳትደርስ ልምታ ብላችሁ አትጣደፉ። ትለፋችሁ! መሬት አንዴ ነጥራ መስታወቱን ብትመታም ጨዋታው አይቆምም፤ ሁለተኛ መሬት እስካልነካች ድረስ መመለስ ትችላላችሁ።

ብዙ ጀማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው፦ ኳሷ እግሩ ስር ስትደርስ ተደናብሮ ይመታትና ወይ መረቡ ላይ ትቀራለች፣ ወይ መሬት ሳትነካ በቀጥታ የተጋጣሚን መስታወት ትመታለች፤ ያ ደግሞ ነጥቡን ለነሱ ይሰጣል።

ኳሷ ስታልፋችሁ ጎናችሁን ለመረቡ ስጡ፣ ራኬታችሁን ቀድማችሁ ወደ ኋላ ዝቅ አድርጉ፣ ከሷ ጋር ወደ መስታወቱ ሂዱ፣ ከዛ ተመልሳ ስትወጣ እናንተም ወደ ፊት እየተራመዳችሁ ከፊታችሁ ምቷትና በተጋጣሚዎቻችሁ አናት ላይ ከፍ አድርጋችሁ ላኳት። መስታወቱ ፍጥነቷን ይቀንስላችኋል። ጊዜም ታገኛላችሁ። ብቻ መስታወቱ ላይ አትለጠፉ፤ ክንዳችሁ የሚዘረጋበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ሁሌ ግን አይሰራም። ጉልበት የሌላት ኳስ መስታወቱ ስር ወርዳ ትቀራለች፣ እሷን ቀድማችሁ ምቷት። ወደ ጎኑ የሽቦ አጥር የምትሄደውንም እንደዛው፤ ሽቦ የነካች ኳስ ወዴት እንደምትነጥር መገመት ከባድ ነው።