ሥራ ሲጀመር የሚመጣን መርበትበት ያለ መድኃኒት ስለ መግራት

ተመርቀው በጎንደር ከተማ በአንድ ባንክ መስኮት ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጡ፣ በአዘዞ ጠመኔ ይዘው በተማሪዎች ፊት የቆሙ፣ ወይም በፋሲል ግቢ በር ላይ የመጀመሪያዎቹን ጎብኚዎች የተቀበሉ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነገር አለ፤ አፍ ይደርቃል፣ ልብ ድው ድው ይላል፣ ማታ በቃል የተያዘው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል። አንዳንዶች ለዚህ ብለው ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚታዘዘውን ፕሮፕራኖሎል ከጓደኛ ተቀብለው ይውጣሉ። መድኃኒቱ የልብ ምትን ያዘገያል፤ ነገር ግን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም የሚወሰድ አይደለም። ከዚህ በታች የተጻፈው ክኒን ሳይነኩ ሊደረግ የሚችለውን የሚመለከት ነው።

አንጎል በሰው ፊት መቆምን እንደ አደጋ ሲቆጥረው ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ፤ በዚህም ምክንያት ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ትላልቅ ጡንቻዎች ስለሚያደላ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ምራቅ ስለሚያንስ ምላስ ከላንቃ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ የእጅ መንቀጥቀጥ ለመሮጥ የተዘጋጀ ሰውነት መሮጫ ሲያጣ የሚያሳየው ነገር እንጂ የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። ለጀማሪው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እውቀት ግን መርበትበቱ የሚበረታው ሥራው ሊጀመር ሲልና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መሆኑ፣ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እየበረደ መሄዱ ነው። ዝግጅትዎን በሙሉ ቀኑ ላይ ከመበተን ይልቅ በእነዚያ ደቂቃዎች ላይ ያከማቹት።

በእኔ እምነት ለእነዚያ ደቂቃዎች ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ ረጅሙ ሰላምታችን ነው። «እንዴት አደሩ? ደኅና ነዎት? ቤተሰብ ሁሉ ደኅና ነው?» «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?» እየተባለ የሚመላለሰው ቃል ከልጅነት ጀምሮ አፍ የለመደው ስለሆነ ማሰብን አይጠይቅም፤ ሰው በደነገጠ ጊዜ እንኳ አይጠፋበትም። ጀማሪ ሠራተኛ ግን ሲርበተበት መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህንኑ ነው፤ ሰላምታውን ውጦ «አቤት፣ ምን ነበር?» በማለት ወደ ጉዳዩ ይንደረደራል። በዚህም ትልልቅ ሰዎች እንደ ንቀት ይቆጥሩበታል፣ እርሱም ፊታቸው መጥቆሩን አይቶ የባሰ ይደናገጣል። እርስዎ በተቃራኒው ሰላምታውን ሆነ ብለው ያዘግሙት፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ መካከል ትንፋሽዎን ሙሉ በሙሉ ያስወጡ፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ያዳምጡ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ድምፅዎ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ባለጉዳዩም ተከበርሁ እንጂ ቆየሁ አይልም።

ከሰላምታው ቀጥለው የሚመጡትን አራት ወይም አምስት ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ ቤት ሳሉ ጮክ ብለው ይለማመዱ። በልብ ማንበብ አይበቃም፤ በዚያ ሰዓት የሚተሳሰረው ምላስ ነውና ልምምዱም ለምላስ መሆን አለበት። ለምሳሌ አዲስ አስጎብኚ ከሆኑ ፈጥነው የሚጠፉት ቁጥሮች መሆናቸውን ይወቁ፤ አፄ ፋሲለደስ ከተማዋን ቆረቆሩ የሚባልበትን 1636 እ.ኤ.አ. እና ግቢው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበበትን 1979 እ.ኤ.አ. በትንሽ ካርድ ላይ ጽፈው ይያዙ። የቀረውን ሕንፃዎቹ ራሳቸው ያስታውሱዎታል፤ ከፋሲለደስ ግንብ ተነሥቶ ወደ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ከዚያም ወደ በካፋና ወደ እቴጌ ምንትዋብ የሚሄድ ሰው ታሪኩን በእግሩ ይከተለዋል። የባንክ ሠራተኛና መምህርም የሥራቸውን ቅደም ተከተል እንዲሁ ከዕቃ ጋር ሊያስሩት ይችላሉ፤ መጀመሪያ ደብተሩ፣ ከዚያ ማኅተሙ፣ ከዚያ ፊርማው።

ጠዋት ከሰዓቱ 20 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፤ ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ ከሆነም 900 ሜትር የሚረዝመውን የግቢውን አጥር ተከትለው ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ለሩጫ የተለቀቀው ጉልበት መውጫ ያገኛል። ከዚያ ተቀምጠው በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ ይህም በደቂቃ 6 ትንፋሽ ያህል ነው። ራስዎን ካዞረዎት በጣም እየሳቡ ነውና ያቅልሉት። ቡናን በተመለከተ፣ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወገድ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ለዚያች ጠዋት ከአቦሉ ባያልፉ ይመረጣል (እናት ካልተቆጡ)። ጫት ልብን ያፈጥናል እንጂ አያረጋጋም፤ አረቄም ጠረኑ ብቻ ሥራን ያሳጣል።

የሚቀረው ይሉኝታ ነው። ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሰው ወደ ክፍል የገቡ ተማሪዎች «አስተውለውብኛል» ብለው የገመቱት ሰው ቁጥር በእርግጥ ካስተዋሉት ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የእጅዎ መንቀጥቀጥም እንደዚያው ነው፤ ለእርስዎ የሚታየውን ያህል ለወረፋው አይታይም። ከተሳሳቱ ደግሞ ዝም ብለው አይደብቁት፤ «ይቅርታ እናቴ፣ አዲስ ነኝ፣ አንዴ ደግሜ ላረጋግጥ» ማለት ይበቃል።

መርበትበቱ ለወራት ሳይቀንስ ቢቀጥል፣ እንቅልፍ ቢነሣዎት ወይም ከሥራ የሚያስቀርዎት ቢሆን ግን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ሕክምና ይሰጣልና ይሂዱ። ለእንዲህ ያለው ጭንቀት በንግግር የሚሰጥ ሕክምናም ስላለ፣ መድኃኒት እንደማይፈልጉ ገና ከመጀመሪያው ለሐኪሙ ይንገሩና ምርጫዎቹን ይጠይቁ።