ከማዘዛችሁ በፊት የሜኑውን ግርጌ እዩ

ሰው ልትጋብዙ ሆቴል ወይም ደህና ሬስቶራንት ከገባችሁ መጀመሪያ የሜኑውን ግርጌ አንብቡ። በደቃቅ ፊደል «ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አይጨምርም» ከተባለ ሒሳቡ ሌላ ነው። 800 ብር የተጻፈበት ክትፎ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመርበት 880 ይሆናል። 15 በመቶው ቫት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በ880ው ላይ ስለሆነ የምትከፍሉት 1,012 ብር ነው። 212 ብር ጭማሪ፣ ያውም በአንድ ሰሃን!

እኔ ጓደኞቼን ጋብዤ ሒሳቡ ሲመጣ ከደነገጥኩ ወዲህ፣ ሳላዝዝ በፊት አስተናጋጁን «ዋጋው ሁሉንም ያካተተ ነው?» እላለሁ። መጠየቅ ምንም ነውር የለውም። ቫት ካስከፈሏችሁ ደግሞ የማሽን ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ፤ በእጅ የተጫረ ወረቀት አይበቃም። ሰርቪስ ከተከፈለ በኋላ ቲፕ መስጠት በፈቃዳችሁ ነው።