ሣር ማጨጃዎ አልነሳ ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ገመዱን ቢስቡት ቢስቡት ሞተሩ አይነሳም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃ፣ አለቀለት» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። የቤንዚን ማጨጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በትንሽ ምክንያት ነው። ትንሿን ምክንያት ሳይፈትሹ ብዙ ብር የሚከፍሉ ሰዎችን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

የከረመ ቤንዚን ይዞ ከገመድ ጋር መታገል

ቤንዚን ይበላሻል። አንድ ወር ገደማ ከተቀመጠ ጀምሮ ኃይሉ ይቀንሳል። ቶሎ የሚተነው ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ እየሆነ የካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ኤታኖል ካለበት ደግሞ እርጥበት ይስባል። አብዛኞቹ አምራቾች ከ10 በመቶ በላይ ኤታኖል ያለበትን ነዳጅ አይፈቅዱም። ስለዚህ ማሽኑ ለወራት ቆሞ ከከረመ መጀመሪያ አሮጌውን ቀድተው ያውጡና አዲስ ይሙሉ። ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን) እና የአየር ፊልትሮውንም ይመልከቱ። ይህን ሁሉ አድርገው እምቢ ካለ ካርቡራተሩ መታጠብ ያስፈልገው ይሆናል።

ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ከሠራ በኋላ የሚጠፋ ከሆነስ? የቤንዚን ክዳኑን ላላ ያድርጉትና እንደገና ይሞክሩ። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። እሱ ከተደፈነ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። በዚህች ቀዳዳ ምክንያት ካርቡራተር የሚያስቀይር ሰው አለ!

የካንዴላውን ኬብል ሳይነቅሉ እጅ ማስገባት

በዚህ ላይ ድርድር የለም። ምላጩን በእጅ ማዞር ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል። ከሥር ከመንካትዎ በፊት ኬብሉን ነቅለው ከካንዴላው ራቅ ያድርጉት።

ማሽኑን በተሳሳተ ጎን ማጋደም

ሲያጋድሙት ካርቡራተሩና የአየር ፊልትሮው ያሉበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ወደ ታች ከሆነ ዘይት ፊልትሮው ውስጥ ይገባል፤ ሲነሳም ነጭ ጭስ ይለቃል። ዘይት የነካው የወረቀት ፊልትሮ መቀየር አለበት። ጭሱ ግን የገባው ዘይት ተቃጥሎ ሲያልቅ ይጠፋል፤ አይደንግጡ።

ድንጋይ ከመታ በኋላ «ሞተሩ ሞተ» ማለት

ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ቮላኖው (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ) ከዘንጉ ጋር ሳይንሸራተት እንዲቀመጥ የምታደርግ ትንሽ የብረት ቁራጭ አለች። በብዙ ማሽኖች ላይ የምትሠራው ከለስላሳ ብረት ነው። ምላጩ ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲመታ ትቆረጣለች ወይም ትጎብጣለች። ያኔ ቮላኖው ከቦታው ይዛነፋል፤ ብልጭታው በሰዓቱ አይመጣም። ሞተሩ ወይ አይነሳም ወይ ገመዱን ከእጅዎ ይመነጭቃል። ቁራጯ ርካሽ ናት። መካኒኩ «አዲስ ሞተር ያስፈልገዋል» ካለዎት እሷን አይቷት እንደሆነ ይጠይቁት። ማሽኑ ተነስቶ ክፉኛ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ወዲያው ያጥፉት። ምላጩ ወይም ዘንጉ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። የዘንግ ጥገና ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ ማሽን ከመግዛት አያዋጣም።

ለመካኒኩ በሽታውን ራስዎ መንገር

«ካርቡራተሩን ቀይሩልኝ» ካሉ ይቀየርልዎታል፤ ማሽኑም ላይነሳ ይችላል። ያዩትን ብቻ ይናገሩ። ስንት ወር ቆሞ ነበር? የሚጠፋው ሲሞቅ ነው ወይስ ገና ሲነሳ? ጭሱ ምን ዓይነት ነው? ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን ይጠቁማል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ዘይት መቃጠሉን። የመታው ነገር ካለ አይደብቁ።

የሞተሩንም የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስተው ይያዙ። የማጨጃው ስም አንድ፣ ሞተሩ ደግሞ የብሪግስ ኤንድ ስትራተን ወይም የሆንዳ ሊሆን ይችላል። መለዋወጫ የሚፈለገው በሞተሩ ቁጥር ነው።

ዋጋ ሳይነጋገሩ ጥሎ መሄድ

ለፍተሻ ብቻ ስንት እንደሚያስከፍሉ አስቀድመው ይጠይቁ። ግምቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። «ከዚህ ካለፈ ሳትደውሉልኝ እንዳትነኩት» ብለው ጣሪያ ያስቀምጡ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም እንዲመልሱልዎ ገና ሲያስረክቡ ይንገሩ። ጨዋ መካኒክ በዚህ አይከፋም። በእኔ እምነት የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ማሽን ግማሽ ካለፈ ቆም ብሎ ማሰብ ይሻላል። ከተቻለም ሣሩ ማደግ ከመጀመሩ በፊት ይውሰዱት፤ ከጀመረ በኋላ ወረፋው አይቻልም።

በሞቀ ሞተር ተታልሎ መረከብ

መካኒኩ ከእርስዎ በፊት አስነስቶ ያሞቀው ሞተር በአንድ ስበት ይነሳል። የእርስዎ ችግር ቀዝቅዞ እያለ አለመነሳቱ ከነበረ ይህ ምንም አያረጋግጥም። ስለዚህ ቀዝቅዞ እንዲቆይ አስቀድመው ይደውሉና ገመዱን ራስዎ ይሳቡት። ቤት ወስደውት ችግሩ ከተመለሰ ደግሞ ሳይፈቱ፣ ሳይነካኩ መልሰው ይውሰዱት። ከፈቱት «የነካኸው አንተ ነህ» ይባላሉ፣ ክርክሩም ማለቂያ የለውም።