መኪና የጫነ መኪና እንዴት ይነዳል? ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ

ደረቅ 3 (የተሳቢ መንጃ ፈቃድ) ያወጣ የጅማ ልጅ ሁሉ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። "መኪና ማመላለስ ይሻላል ወይስ ቡና መጫን?" ብሩን ከሆነ መኪና ይሻላል። ቡና ግን አይጫርም። ጆንያ ግንድ ቢነካው ማንም ፎቶ አንስቶ አይከስህም።

መንዳቱ የዚህ ሥራ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ማሰርና መፈራረም ነው። የምጽፈውም በዚያው ልክ ነው፤ መሪ መያዝ የምትችል ሰው ነህ ብዬ እጀምራለሁ።

ሥራው ለምን እንደበዛ ታውቃለህ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ ደግሞ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን መንገድ፣ ያውም የጊቤን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ በአንድ ቻርጅ ልሞክረው ለማለት የብዙ ሰው ልብ አይደፍርም። ስለዚህ አስጭኖ ያመጣል።

ከመቀጠርህ በፊት

መንጃ ፈቃድህ ተሳቢ የሚያስነዳ ይሁን። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን፤ እነዚህን ማንም ያያል። ማንም የማይጠይቀው ሌላ ነው። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ተሳቢህ ላይ የተቀመጠውን መኪና አይሸፍንም። እሱ መንገድ ላይ ለምትጎዳው ሰው ወይም ንብረት ነው። ለተጫነው ዕቃ ራሱን የቻለ የጭነት ኢንሹራንስ አለ። ድርጅቱን "ይህ አላችሁ ወይ?" ብለህ ጠይቅ። አስከትለህ "ጭረት ቢገኝ የሚከፍለው ማነው?" በል። "እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር አያጋጥምም" ካሉህ የምትከፍለው አንተ ነህ ማለት ነው። አበል፣ የጎሚስታ ወጪ፣ የማደሪያና የጥበቃ ብር ሁሉ በወረቀት ይስፈር።

መረከብ

መኪናውን በቀን ተረከብ። ማታ በስልክ መብራት የተረከበ ሹፌር ጠዋት ያልሠራውን ጭረት ይከፍላል። አቧራ ካለው ውሃ ይፍሰስበት። በደረቅ ጨርቅ ግን አትጥረገው፣ አቧራው ራሱ ይጭራል። ከዚያ ፎቶ አንሳ። አራቱንም ጎን፣ ጣሪያውን፣ መስታወቱን፣ አራቱንም ቸርኬ፣ ፓራውልቱን ከሥር፣ ዳሽቦርዱንም ኪሎ ሜትሩ እንዲታይ አድርገህ። በር ላይ ያለውን ጭረት ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ጭቅጭቅ የሚያመጣው ቸርኬውና የፓራውልቱ ሆድ ነው። ያየኸውን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ጻፍና አስረካቢው ይፈርም። "ትንሽ ናት፣ ተዋት" ካለህ፣ ትንሽ ከሆነች ለመጻፍም አትከብድም።

ቁልፉን፣ መለዋወጫ ቁልፉንና የቻርጅ ገመዱን ቆጥረህ ውሰድ።

አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ባለቤቱ መኪናው ባዶውን ከሚሄድ ብሎ ቴሌቪዥን፣ ሻንጣ፣ አንዳንዱማ ግማሽ የቤት ዕቃውን ውስጡ ያጭቃል። እምቢ በል። ጊቤ ቁልቁለት ላይ አንዱ ዕቃ ተንሸራቶ መስታወት ቢሰብር ተጠያቂው አንተ ነህ። ስለ ዕቃው የተጻፈ ነገር ስለሌለ ጠፋ ቢባልም መልስ የለህም።

መጫን

ሜዳ ፈልግ። ቦታው ዘመም ካለ ቦታ ቀይር፤ ድንጋይ እየደረደሩ ማስተካከል ጊዜ መግደል ነው። መወጣጫውን ዘርጋ፣ የተሳቢውን ጎማ በታኮ ያዝ። ዝናብ ከነበረ መወጣጫው ላይ ያለውን ጭቃ አውጣ፣ እርጥብ ብረት ላይ ጎማ ይሸሻል።

የሚመራህ ሰው አንድ ብቻ ይሁን። እኛ አገር መኪና ሲጫን ሰፈሩ በሙሉ ረዳት ይሆናል። አንዱ "ና፣ ና፣ ና!" ይላል፣ ሌላው "ቀኝ ስበር!"፣ ሦስተኛው "ኧረ በቃ!"። ሁሉንም ልስማ ያለ መኪናውን ከመወጣጫው ያወርደዋል። ከረዳትህ ጋር በእጅ ምልክት ተስማማ፣ ሌላውን አትስማ።

ዝቅ ያለ መኪና ሲሆን ፓራውልቱ መወጣጫው መነሻ ላይ ይላጫል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት ወፍራም ጣውላ ይዘህ ዙር፣ መወጣጫው ፊት አስተኛቸው፣ ቁልቁለቱ ይረዝምና ይለሰልሳል። እነዚህን ጣውላዎች ከምንም ውድ መሣሪያ አስበልጣለሁ።

ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ። ይህ ድሮም ነበር፣ አሁን ግን ልዩነቱ ሰፍቷል። አንድ ቪትዝ 1 ቶን ገደማ ነው። የቮልስዋገኑ ኤሌክትሪክ አይዲ 4 ደግሞ ወደ 2 ቶን ይጠጋል፣ አንዳንዱም ያልፋል። በዓይን ስታያቸው እጥፍ የሚከብድ አይመስልም፤ የክብደቱ ትልቅ ድርሻ ወለሉ ሥር ያለው ባትሪ ነው። "አምስት መኪና እንጭናለን" የሚለው የድሮ ስሌት ስለዚህ አይሠራም። ቁጥሩን ትተህ ቶኑን ደምር፣ ከሊብሬህ ጋር አስተያይ። መጀመሪያ የሚወርደው መጨረሻ ይጫን። ሁለቱ ሕጎች ከተጋጩ ክብደቱን አስቀድም፣ ማውረድ ላይ ትንሽ ትደክማለህ።

ማሰር

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

አብዛኛው ሰው መኪናን ማሰር ማለት ሻንሲውን ወይም መጎተቻ ቀለበቱን ይዞ ወደ ታች መወጠር ይመስለዋል። ቆሞ ስታየው ጥብቅ ነው፣ ብትገፋውም አይነቃነቅም። ችግሩ የተጫነው መኪና የራሱ ሞላ አለው። ገላውን ወደ ታች ስትጎትተው ሞላው ይታመቃል። የአንተ ተሳቢ ጉድጓድ ሲገባ የተጫነው መኪና ይበልጥ ዝቅ ይላል፣ በዚያች ቅጽበት ማሰሪያው ይላላል፣ መንጠቆው ከቀለበቱ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መኪናው በእጅ ፍሬኑ ብቻ ቀረ ማለት ነው። አንተ ፊት ሆነህ ምንም አታውቅም።

ስለዚህ ጎማውን እሰር። በጎማው ላይ የሚያልፍ፣ እንዳይንሸራተት ላስቲክ ያለው ሰፊ ቀበቶ አለ። በጎማው ፊት ካለው ቀዳዳ ይነሳል፣ አናቱን ያቅፋል፣ ኋላ ወርዶ መወጠሪያው ጋ ይታሰራል። ጎማው ከወለሉ ጋር አንድ ይሆናል፣ ገላው ግን በሞላው ላይ እንደፈለገ ይወዛወዛል። መወዛወዙን አትፍራው። ረዳትህ "ኧረ መኪናው ይነቃነቃል" ካለህ "ጎማውን እየው" በለው። ጎማው ካልተነቃነቀ ደህና ነው።

አራቱንም ጎማ። ሁለቱን የፊት አስሮ የሚሄድ አለ፣ "ቅርብ ነው" እያለ። ከአዲስ አበባ ጅማ ቅርብ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ። የፊቶቹ ማሰሪያዎች ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሳቡ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ይሄዳል።

ቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ መንጠቆ አታስገባ፣ ይላጣል። በመሪ ዘንግ፣ በፍሬን ቱቦ ወይም በማርሚታ አትሰር። ኤሌክትሪክ ከሆነ ሆዱ ሥር መሀል አካባቢ ምንም ነገር አይንካው። ያ ጠፍጣፋ ነገር ባትሪው ነው። ሰንሰለትም፣ ክሪክም እዚያ ቦታ የላቸውም።

ቀበቶው ስለት ያለው ብረት ላይ የሚያልፍ ከሆነ ከሥሩ አሮጌ ካላማዳሪያ ቆርጠህ አንጥፍ። ነጻ ሆኖ የሚሄደውን ክፍል አንድ ግማሽ ዙር ጠምዝዘው፣ ነፋስ ሲመታው አይርገበገብም። የሚችለው ክብደት መለያው ላይ ተጽፏል። መለያው የጠፋ ወይም ጠርዙ የተቆረጠ ቀበቶ ከሆነ ጣለው፣ ለሌላ ጊዜ ብለህ እንኳ አታስቀምጥ። ማስቀመጥ ማለት አንድ ቀን ቸኩለህ ትጠቀምበታለህ ማለት ነው። ናይሎን ገመድ የሚሰጥህ ድርጅት ካጋጠመህ ደግሞ ሌላ ድርጅት ፈልግ። ናይሎን ይለጠጣል፣ ሲርስ ይብሳል፣ ጅማ ደግሞ ዝናቧን ታውቀዋለህ።

ወጥረህ ስትጨርስ እጅ ፍሬን ያዝ፣ ማርሹን አስገባ፣ አላርሙን አጥፋ፣ መስታወቱን እጠፍ። ቁልፉ ካንተ ጋር ይሁን።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለው ነገር። ከተነሳህ ከ10 ወይም ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ ቁምና እያንዳንዱን ማሰሪያ እንደገና ወጥር። ጎማው ይረጋል፣ ቀበቶው ይለጠጣል፣ መጀመሪያ ጥብቅ የነበረው ሁሉ ይላላል። ሰበታ አካባቢ ጥሩ ቦታ ስታገኝ አድርገው። ከዚያ ወሊሶ ላይ፣ ከዚያ ወልቂጤ። ሻይ ለመጠጣት ስትቆም ሻዩ ይቆይ።

ጊቤ

እስከ ወልቂጤ ያለውን አልጽፍም፣ ትነዳዋለህ። ወልቂጤ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የጊቤ ድልድይ ወደ 1,100 አካባቢ። ይህን ሁሉ ትወርደዋለህ፣ ያውም ጠመዝማዛ ነው፣ ከኋላህ ደግሞ የሰው ንብረት አለ።

ከመውረድህ በፊት ቁም። ማሰሪያ፣ ጎማ፣ የንፋስ ፍሬኑን ግፊት እይ። ማርሹን ላዩ ላይ ሆነህ ምረጥ፤ ወርደህ ከጀመርክ በኋላ ልቀይር ብትል ባዶ ማርሽ ላይ ልትቀር ትችላለህ። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ የሚሉት የድሮ ሹፌሮች ልክ ናቸው። ሞተር ፍሬኑ ይያዝህ። ፍሬኑን ለብ አድርገህ ረግጠህ አትውረድ። ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቅ፣ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ስጠው። የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ አልፈሃል ማለት ነው። ቦታ ፈልገህ ቁም፣ ይብረድ፣ ውሃ ግን አትድፋበት። ከኋላህ ያለው ሚኒባስ ቢጮህ ይጩህ።

ከፍታህን አትርሳ። ላይኛው ላይ መኪና ሲኖር ኩርባ ላይ የምታጋድለው እንደ ባዶው አይደለም። ድልድዩ ጋ ደርሰህ ቆላው ሙቀት ውስጥ ጎማህን በእጅህ ዳስስ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል፣ ዳገቱን ከመጀመርህ በፊት ይታይ።

ስለ ጫት የማልናገረው ነገር ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግን በምርቃና የሚነዳ ሰው ድካሙን አያውቀውም፣ ሲያውቀው ደግሞ ሰኮሩ ደርሷል፣ መሽቷል። ከመሸብህ እደር። ባለቤቱ በስልክ ቢያጣድፍህ "ነገ ጠዋት" በለው። በማግስቱ የሚሰድብህ ለጥቂት ደቂቃ ነው።

ጅማ ስትገባ

ጅማ ዛፋም ከተማ ናት፣ ውበቷም እሱ ነው፣ ለላይኛው መኪና ጣሪያ ግን ጠላት ነው። ሽቦም አለ። ተሳቢህን ከነጭነቱ ለካና ቁጥሩን ዳሽቦርድህ ላይ ለጥፍ። ጠርጥረህ ከሆነ ረዳትህ ወርዶ ይይ።

ገዢው "ሒርማታ መርካቶ ድረስ አምጣልኝ" ወይም "ፈረንጅ አራዳ በሬ ላይ አውርድልኝ" ይልሃል። አትሞክረው። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ገበያተኛው፤ መወጣጫ የምትዘረጋበት ቦታ አታገኝም። ከተማው ዳር ጠንካራና ደልዳላ ቦታ ቀጥረው፣ እሱ ይምጣ። በክረምት ሣር ያለበት ሜዳ አያታልልህ፣ ከሥሩ ጭቃ ነው፣ ተሳቢው ይሰጥማል።

ኤሌክትሪክ መኪና ስታወርድ አንዳንዴ ጭራሽ አይነሳም። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ሞታ ነው። እሷ ከሞተች ማርሽ አይለቅም፣ እጅ ፍሬኑም አይፈታም። ማስነሻ ኬብል ይኑርህ። ጎማው እየተሽከረከረ ልጎትተው እንዳትል፣ ሞተሩ ኃይል ያመነጫልና ይበላሻል።

ማሰሪያ ስትፈታ አንዱን መኪና ፈትተህ አውርድ፣ ከዚያ ሌላውን። ሁሉንም አንዴ የሚፈታ ረዳት ካለህ ተቆጣው።

ወረቀቱንና የአዲስ አበባውን ፎቶ አውጥተህ ከገዢው ጋር ዞራችሁ እዩ። ይፈርም። ከፈረመ በኋላ ቁልፍ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ዘመድህ ቢሆንም።

መልስ ጭነት ካገኘህ ጥሩ፤ ካላገኘህ ባዶ ተሳቢ ይዘህ ስትመለስ የሳጃ ከተማን አልፈህ አበልቲ ላይ ያው ጊቤ ከሌላው ወገን ይጠብቅሃል። ባዶ ነኝ ብለህ አትፍጠን። ክብደት የሌለው ተሳቢ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ቶሎ ይቆለፋል፣ ጀርባህም ወደ ጎን ይሄዳል።